«ላፕቶፕና ኔትወርክ ካለ ይበቃል» ለሚሉን

የሶፍትዌር ሥራ ቦታ አይመርጥም ሲባል የማይስማማ ሰው አይገኝም። ሹሙ በመድረክ፣ አሠልጣኙ በማስታወቂያ፣ ወላጅም ልጁን ሲመክር የሚለው አንድ ነው፤ ለዚህ ሙያ ፋብሪካ አያሻም፣ ወደብ አያሻም፣ አዲስ አበባ መኖርም የግድ አይደለም፤ ላፕቶፕና የማይቆራረጥ ኔትወርክ ካለ የጉባ ልጅና የቦሌ ልጅ እኩል ናቸው። ሐምሌ 2016 ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ«5 ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠና የቆመው በዚሁ እምነት ላይ ነው። የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስና የአንድሮይድ መነሻ ኮርሶች በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣሉ፤ የጨረሰ ሰርተፊኬቱን ያወርዳል። በነጻ ትምህርት የሚከፋ የለም፣ እኔም አልከፋሁም። ጠቤ ከኮርሱ ጋር ሳይሆን ከጀርባው ካለው ሐሳብ ጋር ነው። ሙያው ቦታ የለውም ካልን ስለ ቦታው የሚጠየቅ አይኖርም፤ ጉባ ስንት ዴቭሎፐር አፈራ ሲባል «ኮርሱ ክፍት ነበር፣ ማን ከለከላቸው?» ብሎ መገላገል ይቻላል። እኔ የምለው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሶፍትዌር ሰው ከሰው ጋር ተቀምጦ የሚሠራው፣ ሰው አጠገብ ሆኖ የሚለመድ ሙያ ነው። ሰው ደግሞ የሚኖረው ቦታ ላይ ነው።

በቅድሚያ ሥራውን እንየው። ባንክ ተቀጥሮ የገባ ወጣት ዴቭሎፐር አዲስ ነገር ከባዶ የሚፈጥር ይመስለው ይሆናል፤ የሚጠብቀው ግን ሌላ ነው። የባንኩ ዋና ሥርዓት ከውጭ የተገዛ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በስዊዙ ቴሜኖስ ቲ24 ይሠራል፣ የኦራክልን ፍሌክስኪዩብ የሚጠቀሙም አሉ። የወጣቱ ድርሻ ይህን የተገዛ ሥርዓት ከኢትስዊች፣ ከቴሌብር፣ ከፋይዳ መታወቂያ ጋር ማነጋገር ነው። የዚህ ዕውቀት በየትኛውም ኮርስ ውስጥ የለም፤ ያለው ያንን መስመር ከዓመታት በፊት የዘረጋው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ቀላል የሚመስለውን የደንበኛ መመዝገቢያ ቅጽ እንኳ እንውሰድ። ኮርሱን በሚገባ ያጠናቀቀ ጀማሪ ለስም ሁለት ሳጥን ያዘጋጃል፤ አንዱ ለራስ ስም፣ ሌላው ለቤተሰብ ስም፤ የተማረባቸው ምሳሌዎች ሁሉ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ባለበት አገር ነዋ። ለልደት ቀን የወራት ዝርዝር ያስገባል፣ ዝርዝሩ 12 ላይ ያልቃል። ጳጉሜ 4 የተወለደች ልጅ በዚያ ቅጽ ፊት ገና አልተወለደችም። ኮዱ ምንም ስሕተት አላሳየም፣ ቴስቱንም አልፏል። ጉድለቱን የሚያየው ወንበሩን ጠጋ አድርጎ «አያቱን የት ጣልከው? ጳጉሜስ?» የሚል ባልደረባ ነው። የሁለት ደቂቃ ወሬ ነው፤ ጀማሪው ግን ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ጳጉሜን አይረሳም።

ስሕተቱ ሁልጊዜ ይህን ያህል የሚያስቅ አይሆንም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት፣ ለመጋቢት 7 አጥቢያ፣ የንግድ ባንክ ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሥርዓቱ ላይ የተካሄደ የጥገናና የፍተሻ ሥራ እንደነበር ተገለጸ፤ ባንኩ ወጥቷል ያለው ገንዘብም 801 ሚሊዮን ብር ያህል ነበር። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ በስልክ ተዳርሶ ተማሪዎች ከመኝታቸው ተነሥተው ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። (ተሰባስቦ መሥራት ምን ያህል እንደሚያፈጥን ማየት የፈለገ ያንን ሌሊት ያስታውስ።) በሚሠራ ሥርዓት ላይ እጅ ማስገባት ቀዶ ሕክምና ነው፤ የሚሊዮኖች ሒሳብ ክፍት ሆኖ ሳለ ነው የሚሠራው። በእንዲህ ያለ ሥራ ላይ ሰርተፊኬት ማንንም አያድንም። የሚያድነው ለውጡ ከመጫኑ በፊት «ይህ ባይሠራስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሁለተኛ ዓይን፣ እሱም ካልታየው ሦስተኛ ዓይን ነው። እነዚህ ዓይኖች ደግሞ አይወርዱም፤ አብረው በመሥራት፣ አብረው በመደንገጥ ይበስላሉ።

ዴንማርካዊው ፒተር ናውር ይህን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጽሑፍ በግልጽ ተከራክሮበታል። ፕሮግራም ማለት የተጻፈው ኮድ ሳይሆን የጻፉት ሰዎች አእምሮ ውስጥ የተገነባው መረዳት ነው፤ ቡድኑ ከተበተነ ኮዱ ሳይጎድል ቢቀመጥም ፕሮግራሙ ሞቷል ይላል። ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። የቅኔ ተማሪ ሰዋስዉ በብራና ተጽፏል ብሎ ብራናውን ይዞ ቤቱ አልተቀመጠም፤ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅ፣ ወደ ዋድላ ሄደ። ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ መምህሩ ፊት፣ ጓደኞቹ እየሰሙት ይናገራል፤ መምህሩ ያርመዋል፣ የሰማው ሁሉ ከእሱ ስሕተት ይማራል። ዛሬ በሶፍትዌር ቤት ኮድ ሪቪው እየተባለ በእንግሊዝኛ ስም የሚጠራው በአሠራሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ዋሸራ በስሟ የታወቀችው እዚያ የሚነገር ቅኔ፣ የሚያርም መምህርና የሚሰማ ጉባኤ ስለነበራት ነው፤ አፈሩ የተለየ ሆኖ አይደለም።

ይህን ወግ ብቻ ነው ለሚል ማስረጃው ከራሱ ከሙያው መጥቷል። ናታሊያ ኢማኑኤል፣ ኤማ ሃሪንግተንና አማንዳ ፓሌ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ የሚሠሩ የሶፍትዌር መሐንዲሶችን አጥንተዋል። ከቡድን አጋሮቻቸው ጋር በአንድ ሕንፃ ይቀመጡ የነበሩት፣ ቡድናቸው በሁለት ሕንፃ ከተከፈለባቸው ይልቅ በኮዳቸው ላይ ብዙ አስተያየት ያገኙ ነበር፤ ኮቪድ መጥቶ ሁሉም ቤቱ ሲገባ ይህ ብልጫ ጠፋ። ልብ በሉ፣ የተለያዩት በሁለት ሕንፃ ነው፤ ኔትወርካቸው አንድ፣ ኮምፒውተራቸው አንድ፣ አሠሪያቸው አንድ። ጥቅሙ ከሁሉ በላይ የታየው በጀማሪዎች ላይ ነው። ጥናቱ ዋጋውንም አልደበቀም፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች ጀማሪ አጠገባቸው ሲቀመጥ ራሳቸው የሚጽፉት ኮድ ቀንሷል። ማስተማር ጊዜ ይበላል፣ ያ ጊዜ ደግሞ ከአሠሪው ኪስ ነው የሚወጣው። እንግዲህ በሁለት ሕንፃ መካከል ያለ መንገድ ጀማሪን ይህን ያህል ከጎዳ፣ በአዲስ አበባና በማንኩሽ መካከል ያለው ምን ያደርግ?

ማንኩሽ የጉባ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በዚያ አካባቢ የሚነገረው ጉሙዝ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ አማርኛ የማያውቃቸው ድምፆች አሉት፤ ለእነሱም የተለዩ ፊደላት ያስፈልጋሉ። ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ የገባበት ታሪክ የዚህ ክርክር ዋና ምስክር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ የራሱ የቁጥር አሰጣጥ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የተበጣጠሰ ምልክት ይሆን ነበር። እንደ ፍሥሐ አጥላው ያሉ ቀዳሚዎች የመጀመሪያዎቹን መጻፊያዎች ሠሩ፤ እንደ ዳንኤል ያዕቆብ ያሉት ደግሞ ፊደሉ አንድ ዓለም አቀፍ መለኪያ እንዲኖረው ለዓመታት ደከሙ። ሲከራከሩ፣ ሲጻጻፉ፣ ሲጣሉም ኖረው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን 345 ምልክቶች ይዞ ወጣ። ዛሬ ማንም በስልኩ በአማርኛ ሲጻጻፍ የሚኖረው በዚያ ክርክር ላይ ነው። የጉሙዝ ፊደላት ተራቸው የደረሰው ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ጥቅምት 1 ቀን 2003 ይፋ በሆነው ዩኒኮድ 6.0 ውስጥ ለጉሙዝ የሚያገለግሉ 14 ፊደላት ገቡ፤ ከ«ꬠ» የሚጀምር አንድ ቤት፣ ከ«ꬨ» የሚጀምር ሌላ ቤት፣ እያንዳንዱ ሰባት ሰባት ሆኖ። በዚያው ዓመት፣ መጋቢት 24 ቀን 2003፣ ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ።

ግድቡ ሲያልቅ ፊደሎቹ የት ደረሱ? ይህን በስልካችሁ የምታነቡ ከሆነና «ꬨ» ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታያችሁ መልሱ ያው ነው፤ ቁጥሩ ለፊደሉ ተሰጥቷል፣ ስልካችሁ ላይ ግን መልኩን የሚሥል ፎንት የለም። ዛሬ በዚያ ፊደል ስሙን የሚጽፍ ሰው ቅጽ ሲሞላ ስሙ ሳጥን ሆኖ የሚመጣበት ሥርዓት ብዙ ነው። ይህ ጉድለት ከጳጉሜው ጉድለት የተለየ አይደለም። አስቸጋሪ የቴክኖሎጂ ጥያቄም አይደለም፤ ፎንቱ አለ፣ በነጻ ይገኛል፣ መጫን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የጎደለው ሥርዓቱ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ «የጉሙዝ ስም ሞክሩበት» የሚል ሰው ነው። «ሥራው ቦታ የለውም» የሚሉን ክፍሉ ባዶ መሆኑን ማየት የማይችሉት ለዚህ ነው፤ ለእነሱ ክፍል የሚባል ነገር የለምና።

ሌላው ማስረጃ ከአዲስ አበባው መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በኤምሬ ቫሮል የተመሠረተው ኤቱኤስቪ የተባለ የሥልጠና ድርጅት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን፣ የአዲስ አበባንና የአዳማን ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰብስቦ በቡድን አሠልጥኖ ጉግልን የመሰሉ ኩባንያዎች ውስጥ አስገብቷል። ተማሪዎቹ የተለማመዱባቸው የአልጎሪዝም ጥያቄዎች ለዓለም ሁሉ ክፍት ናቸው፤ ጉባ ባለበት ክልል ዋና ከተማ ያለው የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም በዚያው ሰዓት ሊከፍታቸው ይችል ነበር። ልዩነቱ በጥያቄዎቹ ውስጥ አልነበረም። አንዱ ሲሳሳት ሌላው የሚያይበት፣ አንዱ ሲሰንፍ ሌላው የሚያሳፍርበት፣ ፈተናውን ያለፈው ታላቅ ተመልሶ ታናሹን የሚያስጠናበት ማኅበር መኖሩ ነው። አናሊ ሳክሰኒያን እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመችው መጽሐፍ ሲሊከን ቫሊን በቦስተን ዳር ካለው ሩት 128 ጋር አነጻጽራ የደረሰችበትም ወደዚሁ ይጠጋል፤ ሁለቱም ገንዘብና ዩኒቨርሲቲ ነበራቸው፣ አንደኛውን ያስቀደመው በተፎካካሪ ድርጅቶች የሚሠሩ መሐንዲሶች ሳይፈራሩ የሚገናኙበትና የሚጠያየቁበት ባህል ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስኮርፍ ተቃውሞ ይነሣል። «የዴቭሎፐሮች ስብሰባ እኮ ቲሸርትና ፎቶ ነው፤ የሆቴል አዳራሽ፣ ትልቅ ባነር፣ ረጅም የመክፈቻ ንግግር፣ ከዚያ ምሳ» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። የስፖንሰር ስም ለመጥራት ብቻ የሚዘጋጅ መድረክ አለ፤ የሚቀርብበትም ሰው ከመድረክ ወርዶ ጥያቄ ሳይቀበል ይሄዳል። ሆኖም በሻይ ዕረፍቱ አዳራሹ ጥግ ላይ የሚሆነውን ልብ በሉ። የአንድ ባንክ ዴቭሎፐር የሌላውን ይጠይቀዋል፦ «ገንዘቡ ከላኪው ተቆርጦ ከተቀባዩ ባንክ ምላሽ ከዘገየ እናንተ ወዲያው ትመልሱታላችሁ ወይስ ትጠብቃላችሁ?» ወዲያው ከመለሰ፣ ዘግይቶ የመጣው ምላሽ «ደርሷል» ሊል ይችላል፤ ያኔ ባንኩ ሁለት ጊዜ ከፈለ። ከጠበቀ ደግሞ ላኪው ቅርንጫፍ መጥቶ ይጮኻል። የዚህ መልስ የድርጅት ምስጢር አይደለም፣ በመመሪያ ብቻም አይገኝም፤ ሁለቱም ተቃጥለው ያወቁት ነው። ለዚህ ጥያቄ ሲባል ባነሩም ንግግሩም ይቻላል። የዚያ ሻይ ዕረፍት ተካፋይ ያልሆነው የአሶሳ ልጅ ያጣው ቲሸርት አይደለም።

ብርቱው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ሊኑክስን ይጠቅሳል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረውን ሥራ በዓለም ዙሪያ የተበተኑ፣ ብዙዎቹም ፊት ለፊት ያልተያዩ ሰዎች አሳድገውታል። ቤቱ ሆኖ ለውጭ ኩባንያ የሚሠራ ኢትዮጵያዊም አለ። ይህን አልክድም። ግን ሊኑክስን የሚያቆመው ምን እንደሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ነው። በደንቡ አንዲት መስመር እንኳ የሌላ ሰው ዓይን ሳያያት አትገባም፤ የየክፍሉ ኃላፊዎች በየዓመቱ በአካል ይሰበሰባሉ፤ አብዛኛውን ኮድ የሚጽፉትም ኩባንያዎች ደመወዝ የሚከፍሏቸው፣ በመሥሪያ ቤታቸው ባልደረባ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሊኑክስ የብቸኝነት ምሳሌ ሳይሆን እጅግ ጥብቅ የሆነ ጉባኤ ምሳሌ ነው። ከቤቱ ሆኖ የሚሠራውም ሰው ብዙውን ጊዜ ብቻውን መሥራት የቻለው አስቀድሞ ሰው መሀል ስለበሰለ ነው። ርቀት የበሰለን ሰው አያከስረውም ይሆናል፤ ጥሬውን ግን አያበስለውም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮዱን ይጽፈዋልና ይህ ሁሉ አበቃ የሚሉም አሉ። ማሽኑም የተማረው ያንኑ 12 ወር ያለበትን ቅጽ ነው፤ ኮድ በርካሽ በተመረተ ቁጥር አይቶ «አይሆንም» የሚለው ሰው ይወደዳል እንጂ አይረክስም።

የቀረው ተቃውሞ ለጉባ ከማሰብ የመጣ ስለሆነ አክብሬ ልመልሰው። «ውኃ፣ መንገድ፣ ሰላም ያጣ ወረዳ ላይ ስለ ዴቭሎፐር ማውራት ቅንጦት ነው» ይላል። ጉባ ያለበት መተከል በ2013 በኮማንድ ፖስት ሥር የነበረ ዞን ነው፤ የደረሰበትን መከራ በሙያ ወሬ ማሳነስ ነውር ነው። ነገር ግን ይህ ክርክር ለግድቡ አልተነሣም። መንገድ የለም ተብሎ ግድቡ ወደ ሆለታ አልተወሰደም፤ መንገዱም፣ ካምፑም፣ ሆስፒታሉም ሰውን ተከትለው ወደ ጉባ ሄዱ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝና 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመረቀ። ከዚያ ሥራ ውስጥ ለእኛ ጉዳይ የሚሆን አንድ ክፉ ትምህርትም አለ። የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራው ለወታደራዊው የኢንጂነሪንግ ድርጅት ለሜቴክ ሲሰጥ የነበረው እምነት፣ ፋብሪካና ዕቃ ካለ ሙያው ይመጣል የሚል ነበር። ነሐሴ 2010 ሥራው ከሜቴክ ተወስዶ ልምድ ላላቸው ኩባንያዎች ተሰጠ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩም ሥራው እንዲህ ያለ ፕሮጀክት አይተው ለማያውቁ ሰዎች ተሰጥቶ እንደነበር በአደባባይ ተናገሩ። «ላፕቶፕ ካለ ኮደር አለ» የሚለው የዚያ እምነት ታናሽ ወንድም ነው። ቢትኮይን ለማምረት ኃይል የሚገዙት ማሽኖችም ይህንኑ ያሳያሉ፤ ሌት ተቀን ሲያጓሩ ያድራሉ፣ ከጎናቸው የሚበስል ዴቭሎፐር ግን እምብዛም የለም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሌላ ኮርስ አይደለም። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ኢትዮ ቴሌኮምና ንግድ ባንክ ደመወዝ የሚከፍሏቸው ዴቭሎፐሮች አሏቸው። ከእነዚህ ውስጥ አሥር ሰው፣ በእርግጥ ልምድ ያለው አሥር ሰው፣ አሶሳ ላይ ለሦስት ዓመት ይቀመጥ፤ የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አጠገቡ ይቀመጡ፣ የጉባ ልጅም ለዚህ ተብሎ የመኝታና የመጓጓዣ ወጪው ይሸፈንለት። የሚሰጣቸው ሥራ የማስመሰያ ፕሮጀክት ሳይሆን እውነተኛ ደንበኛ የሚጠብቀው ይሁን። አሥሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ የሚጽፉት ኮድ እንደሚቀንስ ከወዲሁ ይታወቅ፤ ዋጋው እሱ ነው፣ በበጀትም ይያዝ። አሶሳ ላይ አሥር ሰው ማስቀመጥ ውድ ነው የሚል ሥራ አስኪያጅ ጉባ ላይ 13 ተርባይን ከተተከለበት አገር መሆኑን አይርሳ። ለስብሰባ አዘጋጆችም አንድ ቃል አለኝ፤ ከአዲስ አበባ አሶሳ አውሮፕላን ይበራል፣ የሚቀጥለውን መድረካችሁን እዚያ አድርጉት። የመመዝገቢያ ቅጻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ «ꬨ»ን ይቀበል እንደሆነ የሚነግራችሁ ሰው እዚያ ታገኛላችሁ።